የነዳጅ ሒሳብና የወንበር ሒሳብ፤ ከጎንደር እስከ ደባርቅና ሳንቃበር
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር የታዘዝኩበት ጉዳይ ስለ ሥልጣኔ ትርጉም ወይም ስለ ታላላቅ ሰዎች ታሪክ አይደለም። ስለ ናፍጣ ነው። ኅብረታችን በመጪው ዕረፍት ከጎንደር ተነሥቶ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ እስከ ሳንቃበር ድረስ የትምህርት ጉዞ ለማድረግ ማሰቡን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከየአንዳንዳችን ስንት ብር ይዋጣ የሚለው ጥያቄ ከተነሣ ወዲህ ግን አንዱ «መቶ ሃምሳ ይበቃል»፣ ሌላው «ከአምስት መቶ አያንስም» እያለ፣ ነገሩ በገበያ ላይ እንዳለ ጨረታ ሆኖ ሰንብቷል።

ግምት ጉዳት የሌለበት ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። መዋጮው ያለ አግባብ ከበዛ፣ አባቱ በወር የሚልክለት ገንዘብ ለሳሙናና ለወረቀት ብቻ የሚበቃው ጓደኛችን ስሙን ሳያስመዘግብ ይቀራል። ለምን እንደ ቀረም ለማንም አይናገርም፤ «ጥናት አለብኝ» ይላል እንጂ። መዋጮው ካነሰ ደግሞ ዳገቱ መካከል ላይ «ጨምሩ» ይባላል፤ ያን ጊዜም የሚያፍረው ኪሱ ባዶ የሆነው ያው ልጅ ነው። ስለዚህ የነዳጅ ሒሳብ ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል የሚለውን የሚወስን ሒሳብ ነው ማለት ነው። የንግግሬ ዐላማም ይህን ሒሳብ ከግምት አውጥተን እንዴት በግልጽ ልንሠራው እንደምንችል ማሳየት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱ ሰላም መጠየቅ እንዳለበት ግን የታወቀ ነው፤ መንገዱ ሰላም ካልሆነ የሚሰላ ሒሳብ የለም።

በመጀመሪያ መንገዱን እንመልከት። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳባት 75ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ ቁጥር ግን የመንገዱን ርዝመት እንጂ ከፍታውን አይነግረንም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ከጎንደር ወጥቶ የኮሶዬን ዳገት፣ ከዚያም በአምባ ጊዮርጊስ በኩል የወገራን ደጋ የሚያቋርጥ መኪና፣ መውጣቱንና መውረዱን አቻችለን ብንቈጥረው እንኳ ወደ 700 ሜትር ያህል ሽቅብ ይነሣል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከሚገኝበት ከደባርቅ እስከ ሳንቃበር ደግሞ ሌላ 400 ሜትር ያህል አለ፤ ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነውና።

ይህ ሽቅብ መነሣት ስንት ሊትር ይበላል? የፊዚክስ መምህሮቻችን ያስተማሩን ቀመር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ከነተሳፋሪውና ከነጓዙ 10 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ 700 ሜትር ለመነሣት የሚያስፈልገው ጉልበት፣ ክብደቱ በመሬት ስበትና በከፍታው ሲባዛ፣ ወደ 69 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። በአንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ያለው ጉልበት 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ሞተሩ ግን ከዚህ ውስጥ ለጎማው የሚያደርሰው ሢሶውን ያህል፣ ማለት 12 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ይወጣል። እንግዲህ 69ን ለ12 ብናካፍል 6 ሊትር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ይመጣል። ይህ ሊትር መንገዱን ለመሄድ የሚቃጠለው አይደለም፤ አውቶቡሱን ከጎንደር ከፍታ አንሥቶ በደባርቅ ከፍታ ላይ ለማስቀመጥ ብቻ የሚቃጠለው ነው።

በዚህ ላይ የአየሩ መሳሳት ይጨመራል። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ነጂውም በዝቅተኛ ማርሽ ረጅም ጊዜ መጎተት ግድ ይሆንበታል። መኪናው ሲገዛ በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው የነዳጅ ፍጆታ በሜዳማ አገርና በለስላሳ መንገድ የተለካ ስለሆነ፣ ለወገራና ለስሜን ሰው ቃሉን አይጠብቅም።

«ሲወርድ ያካክሰዋል» የሚል አይጠፋም። በከፊል እውነት ነው፤ ቁልቁለት ላይ የሚቃጠለው ነዳጅ ጥቂት ነው። ሙሉ በሙሉ ግን አያካክስም፤ ሽቅብ ሲወጣ የከፈልነው ጉልበት ሲወርድ በፍሬኑ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል እንጂ ተመልሶ ወደ ጋኑ አይገባም። አንዳንድ ነጂዎች ነዳጅ ለመቈጠብ ሲሉ ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥተው ይንከባለላሉ። ይህ ሞትን በርካሽ መግዛት ነው። የዛሬዎቹ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣ ነዳጁን ራሳቸው ስለሚዘጉ፣ ማርሽ ማውጣቱ ፍሬኑን ከማጋል በቀር ምንም አይቈጥብም።

በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተቀደደውን የሊማሊሞን መንገድ የሚያውቅ ሰው የምለውን በቀላሉ ይረዳኛል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማና ወደ አዲአርቃይ የሚወርድ መንገደኛ ሲሄድ ነዳጁ ያልተነካ ስለሚመስለው «መንገዱ ርካሽ ነው» ይላል። ዕዳው የሚመጣው ሲመለስ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ያን ዳገት ሲወጣ፣ ያው 10 ቶን አውቶቡስ ለመነሣት ብቻ ቢያንስ 8 ሊትር ይጠይቀዋል። እንግዲህ የአንድ መንገድ ዋጋ መታወቅ ያለበት ሄዶ በመመለስ ነው።

ሁለተኛው ነገር መለኪያው ነው። አንድ መኪና በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ለማወቅ የነዳጅ መጠቈሚያዋን መርፌ ማመን አይበቃም። ጋኑን እስከ አፉ መሙላት፣ የኪሎ ሜትር ቈጣሪውን መጻፍ፣ ሄዶ ከተመለሱ በኋላ በዚያው ማደያ እንደገና እስከ አፉ መሙላት ነው። ሁለተኛ ጊዜ የገባው ሊትር በመንገድ የተቃጠለው ነው፤ የተሄደውን ኪሎ ሜትር ለዚህ ሊትር ማካፈል ነው። ይህን ለማድረግ ደብተርና እርሳስ እንጂ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። በእንግሊዝና በአሜሪካ የታተሙ የመኪና መጻሕፍትን የሚያነብ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስተውል፤ የእንግሊዙ ጋሎን 4.55 ሊትር፣ የአሜሪካው ግን 3.79 ሊትር ነው። ሁለቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ ያልጠነቀቀ ሰው ያንኑ መኪና አንድ ጊዜ ቈጣቢ፣ አንድ ጊዜ አባካኝ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ነገር የማካፈል ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበትም እዚህ ነው። አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጣ በሊትር 4 ኪሎ ሜትር፣ ሲመለስ 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። አማካዩ ስንት ነው? አብዛኞቻችን «6» እንላለን። እስቲ በሊትር እንቍጠረው። ሲወጣ 100 ለ4 ሲካፈል 25 ሊትር ነው። ሲመለስ 100 ለ8 ሲካፈል 12 ሊትር ተኩል ነው። ድምሩ 37 ሊትር ተኩል ይሆናል። 200 ኪሎ ሜትርን ለዚህ ብናካፍል የሚመጣው 6 ሳይሆን 5 ኪሎ ሜትር ከሢሶ ነው። በ6 ያሰላ ሰው 33 ሊትር ከሢሶ ብቻ ይይዛል፤ 4 ሊትር ያህልም ይጐድልበታል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን አማካይ ከማውጣት ይልቅ ሊትሩን መደመር ይሻላል።

አሁን የራሳችንን ጉዞ እናስላ። የምጠቅሳቸው የፍጆታ ቁጥሮች ለሒሳቡ ምሳሌ እንዲሆኑ የወሰድኳቸው ናቸው፤ መኪናው ሲታወቅ ነጂውን ጠይቀን በእውነተኛው ቁጥር እንተካቸዋለን። የናፍጣውንም የቤንዚኑንም ዋጋ ለመቍጠር እንዲመች በሊትር 100 ብር እናድርገው። ከጎንደር ደባርቅ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር፣ ከደባርቅ ሳንቃበር በጠጠሩ መንገድ ከነዙረቱ ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር፣ በጠቅላላው 280 ኪሎ ሜትር ነው።

ቅጥቅጡ በአስፋልቱ፣ ቀደም ብለን እንዳየነው፣ 37 ሊትር ተኩል ይጨርሳል። በጠጠሩ ሲወጣ በሊትር 3.2 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 12 ሊትር ተኩል፣ ሲወርድ 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 10 ሊትር ይሆናል። ጠቅላላው 60 ሊትር፣ ዋጋውም 6,000 ብር ነው። የመኪናው ባለቤት «በሊትር 6 ይሄዳል» ያለውን ተቀብለን ብናሰላ ኖሮ ግን 47 ሊትር አይሞላም ነበር። ልዩነቱ ከ13 ሊትር በላይ፣ በብርም ከ1,300 በላይ ነው። ይህ ገንዘብ ከደባርቅ በላይ፣ ማደያ በሌለበት ዳገት ላይ «ጨምሩ» የሚባልበት ገንዘብ ነው።

ቅጥቅጡ 25 ሰው ይዞ ቢሄድ የአንዱ ሰው ድርሻ 240 ብር ነው። 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ለዚያው መንገድ 30 ሊትር ቢበቃው 3,000 ብር፣ ለአንድ ሰው 250 ብር ይሆናል። 7 ሰው የሚጭን ላንድክሩዘር 42 ሊትር ቢፈጅ 4,200 ብር፣ ለአንድ ሰው 600 ብር ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በሊትር ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄደው ሚኒባሱ ነው፤ ለአንድ ሰው ርካሹ ግን ነዳጅ አብዝቶ የሚጠጣው ቅጥቅጥ ነው። ምክንያቱም ገንዘቡን የሚከፍለው መኪናው ሳይሆን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ስለሆነ ነው።

ይህ ግን ወንበሩ ሲሞላ ነው። 12 ሰው ብቻ ቢመዘገብ፣ ሚኒባሱ ያው 250 ብር ሲሆን ቅጥቅጡ 500 ብር ይሆናል። 24 ሰው ቢመዘገብ፣ ሁለት ሚኒባስም አንድ ቅጥቅጥም በነዳጅ በኩል እኩል 250 ብር ናቸው፤ ነገር ግን ሁለት ሚኒባስ ማለት የሁለት ነጂ አበልና የሁለት መኪና ኪራይ ስለሆነ ቅጥቅጡ ይሻላል። ስለዚህ «የትኛው መኪና ይረክሳል?» ብሎ መጠየቅ ገና ያላለቀ ጥያቄ ነው። «ለስንት ሰው?» የሚለው ካልታከለበት መልስ የለውም።

ስለ ዋጋውም ጥቂት ልበል። አገራችን ነዳጇን በሙሉ ከውጭ ታስገባለች፤ አብዛኛውም በጂቡቲ በኩል በቦቴ መኪና እየተጫነ ረጅም መንገድ ተጉዞ ይመጣል። የችርቻሮ ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት ነው፤ በየከተማው የማጓጓዣው ወጪ ስለሚታሰብበት የአዲስ አበባውን ዋጋ ይዞ ለጎንደር ማስላት አይበቃም። በአዲስ አበባ በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም፣ ናፍጣ 49 ብር ከ2 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በሁለት ዓመት ተኩል ዋጋው ከዕጥፍ በላይ መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ቀድሞ ናፍጣው ይበልጥ የነበረው ተገልብጦ ቤንዚኑ መብለጡን አስተውሉ። እንግዲህ አምና የተባለውን ይዞ «ናፍጣ ይሻላል» ወይም «ቤንዚን ይሻላል» ማለት አይቻልም። ደግሞም አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ጉልበት ስላለው፣ የሊትሩን ዋጋ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ የሚወዳደረው የኪሎ ሜትሩ ዋጋ ነው።

ማደያው ሲደርቅ በጀሪካንና በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ነዳጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዋጋው ከፍ ማለቱ የሚታይ ነው፤ የማይታየው ግን የልኩ ጉድለት ነው። «ሁለት ሊትር» የተባለው ጠርሙስ አንድ ሊትር ከስምንት ዐሥረኛ ብቻ ቢይዝ፣ በሊትር 150 ብር የከፈልን መስሎን የከፈልነው ወደ 167 ብር ነው። ይህንም ዕቃ ከተሳፋሪ ጋር በአንድ መኪና ውስጥ መጫን እሳት ታቅፎ እንደ መሄድ ነው። ስለዚህ ምክሬ ጎንደር ላይ ጋኑን ሞልቶ መነሣት፣ ደባርቅ ላይ መመርመር፣ ለመመለሻ የሚሆን መጠባበቂያ ከመጀመሪያው በሒሳብ ማስገባት ነው።

ይህ ሒሳብ ለሽርሽር ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። የዳባትና የወገራ ገበሬ ድንቹንና ገብሱን ወደ ጎንደር ገበያ ሲያስጭን ያው ሒሳብ አለበት። 50 ኩንታል የጫነ ኢሱዙ ከዳባት ጎንደር 75 ኪሎ ሜትር በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 15 ሊትር፣ ባዶውን ሲመለስ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሄድ 10 ሊትር ይፈጃል። ድምሩ 25 ሊትር፣ 2,500 ብር ነው። የመሄጃውን ብቻ ያሰበ ገበሬ ለኩንታሉ 30 ብር ነዳጅ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን 50 ብር ነው፤ ባዶ የተመለሰውን መንገድ የከፈለው ድንቹ ነውና። ያው መኪና ሲመለስ ማዳበሪያ ወይም ሌላ ሸቀጥ ቢጭን፣ ያ 20 ብር ከድንቹ ላይ ይነሣል። ገበሬዎች በማኅበር ሆነው ቢደራደሩ የሚጠቀሙት በዚህ ነው፤ መኪናው ባዶ እንዳይመለስ ማድረግ ይችላሉና።

የነዳጅ ሒሳብ መንግሥትንም የሚያናውጥ መሆኑን ታሪካችን መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት የዓለም የዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት ዕጥፍ ያህል ናረ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በጨመረ ጊዜ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ በብዙ ዐይነት ብሶት ተቃጥሎ የነበረው ሕዝብም ተነሣ። መንግሥት ዋጋውን ቢቀንስም ነገሩ ከእጁ አመለጠ። ለአብዮቱ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን ጥያቄውን ወደ አደባባይ ካወጡት መካከል አንዱ «ይህን ጭማሪ ማን ይሸከመው? ነጂው ወይስ ተሳፋሪው?» የሚለው ሒሳብ ነበር።

የእኛም ጥያቄ፣ ትንሽ ቢሆንም፣ ያው ነው። 25 ሰው ይሄዳል ተብሎ 240 ብር ቢቈረጥና 7 ሰዎች ቢቀሩ፣ የቀሩት 18 ሰዎች ድርሻ 333 ብር ይሆናል። ያን ጊዜ ሌሎች ሁለት ሦስት ደግሞ ይወጣሉ፤ ድርሻው እንደገና ይንራል። እንዲህ እየሆነ በመጨረሻ የሚሄዱት ቀድሞውንም ሊሄዱ የሚችሉት ብቻ ይሆናሉ፤ መኪናውም ግማሹ ባዶ ሆኖ ሙሉውን ናፍጣ ይጠጣል። ባዶ ወንበር ነዳጅ አይቈጥብም፤ ጓደኛን ያስቀራል እንጂ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መዋጮው ከመቈረጡ በፊት ምዝገባው ይለቅ፤ መኪናውም በተመዘገበው ሰው ቁጥር ይመረጥ። ሁለተኛ፣ የኪሎ ሜትሩ፣ የሊትሩና የብሩ ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከጉዞው በኋላም የማደያው ደረሰኝ ከጎኑ ይሰቀል፤ የተረፈ ገንዘብ ካለ ይመለስ። ሦስተኛ፣ ከ25ቱ ወንበር ሁለቱ መክፈል ለማይችሉ ጓደኞቻችን ይያዙ። 6,000 ብርን ለ23 ብናካፍል የአንዱ ድርሻ 261 ብር ያህል ነው። ከ240 ብር ጋር ያለው ልዩነት 21 ብር ብቻ ነው። ማን በነጻ እንደ ሄደ ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አይወቅ።

አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ይህንኑ ነው። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ግን አስቀድሞ ተቈጥሮ በእኩል ሲካፈል ነው። የኅብረታችን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ይህን ሐሳብ መርምሮ በሚቀጥለው ስብሰባ ውሳኔ እንዲሰጥበት በትሕትና እጠይቃለሁ። ከመካከላችሁ የነጂዎችን ትክክለኛ የፍጆታ ቁጥር ጠይቆ ለማምጣት ፈቃደኛ የሆነ ቢኖር፣ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ለጸሐፊው ይስጥ።